ከፍለው የሚሠሩበት ዕረፍት፦ ከበርገን እስከ ሼትላንድ በሸራ መርከብ

ከጉዞው ከተመለስኩ ወዲህ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ወሬውን የሚጀምረው ከምሰሶው ነው። «እውነት ላዩ ድረስ ወጣሽ? ቁልቁል ስታዪ አልዞረብሽም?» ወጥቻለሁ፤ ዞሮብኛልም። ይሁን እንጂ ዕረፍቱን በሸራ መርከብ ላይ ለማሳለፍ ያሰበ ሰው ከሁሉ በኋላ ሊጨነቅበት የሚገባው ምሰሶው ነው። ምሰሶ መውጣት በፈቃድ ነው፤ ያልፈለገ አይወጣም፣ የሚስቅበትም የለም። በፈቃድ ያልሆኑት ሌሎቹ ናቸው፦ እኩለ ሌሊት ላይ ከሞቀ መኝታ መነሳት፣ ነፋስ ውስጥ ቆሞ ጨለማ መጠበቅ፣ የሚገለባበጥ ሆድ ይዞ ገመድ መሳብ። ሰው ለማይቸግረው ነገር ተዘጋጅቶ ለሚቸግረው ሳይዘጋጅ ሲሳፈር ስላየሁ ነው ይህን የምጽፈው።

ነገሩን ለማያውቅ በአጭሩ ልንገር። በአውሮፓ ወደቦች እስከ ዛሬ በነፋስ የሚሄዱ ትልልቅ የቀድሞ ዘመን መርከቦች አሉ። በመርከቡ ላይ ደመወዝተኞቹ ጥቂት ናቸው፤ ቀሪውን ሥራ የሚሠራው እንደ እኔ ገንዘብ ከፍሎ የገባ ሰው ነው። ሸራ ይሰቅላል፣ መሪ ይይዛል፣ ወለል ይፈትጋል፣ ሌሊት ተራ ይገባል። ይህን ለእናቴ በስልክ ስነግራት ደብረ ብርሃን ላይ ያለው ስልክ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «ቆይ ልጄ፣ እነሱ ናቸው የሚከፍሉሽ ወይስ አንቺ ነሽ የምትከፍያቸው?» እኔ እንደምከፍል ስትሰማ «በስመ አብ! ወለል መፈተግ ካማረሽ እዚህ ነይና በነጻ ፈትጊ» አለችኝ። ቀጥላ ዮናስን አነሳችብኝ። በመጨረሻ ግን ለቅዱስ ገብርኤል ጃንጥላ ተስላ አሰናበተችኝ።

የምሠራው በኖርዌይ በርገን ከተማ፣ አረጋውያን በሚጦሩበት ቤት ነው። ሐሳቡን ያመጡብኝ እዚያ የምንከባከባቸው አንድ አዛውንት ናቸው። በወጣትነታቸው በንግድ መርከብ ዓለምን ዞረዋል፤ አገሬን ስነግራቸው ከሌላው ሁሉ በፊት ከአፋቸው የወጣው «ምጽዋ!» የሚል ነበር። ኖርዌይና የእኛ ባሕር የቆየ ትውውቅ አላቸው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. የንጉሠ ነገሥቱ የባሕር ኃይል ሲቋቋም መኮንኖቻችንን ካሠለጠኑት መካከል የኖርዌይ የባሕር ኃይል መኮንኖች ነበሩበት። ከ1993 እ.ኤ.አ. ወዲህ ግን ባሕር አልባ ነንና፣ እኔን የመሰለ ደገኛ ባሕርን የሚያውቀው ከአውሮፕላን መስኮት ወይም ከመጥፎ ዜና ነው። አዛውንቱ ግድግዳቸው ላይ የተሰቀለውን የመርከብ ፎቶ እያሳዩኝ «ከዚህ ከተማ ሳትወጪ ይህችን ሳትሳፈሪባት እንዳትቀሪ» ይሉኝ ነበር።

መርከቧ ስታትስሮድ ሌምኩል ትባላለች። በ1914 እ.ኤ.አ. በጀርመን ብሬመርሃፈን ለወጣት መርከበኞች ማሠልጠኛ እንድትሆን ተሠራች። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች በምርኮ ወሰዷት፤ በ1921 እ.ኤ.አ. የቀድሞው የኖርዌይ ሚኒስትር ክሪስቶፈር ሌምኩል ባደረጉት ጥረት ወደ ኖርዌይ መጣችና ስማቸውን ያዘች። በሁለተኛው ጦርነት ጀርመኖች መልሰው ነጥቀዋት ነበር። በስተፊት ከሚወጣው ረጅም ዘንግ ጋር 98 ሜትር ትረዝማለች፤ ሦስት ምሰሶና 22 ሸራ አላት፤ ሸራዎቹ ሁሉ ሲዘረጉ ከ2,000 ካሬ ሜትር በላይ ይሸፍናሉ። ከፍተኛው ምሰሶ 48 ሜትር ይነሳል። የኖርዌይ የባሕር ኃይል እጩ መኮንኖች ዛሬም የሚሠለጥኑት በእሷ ላይ ነው፤ ከ2021 እስከ 2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሳይንቲስቶችን ይዛ ዓለምን ዞራለች። በርገን ውስጥ የእንጨት ቤቶቹ ከተደረደሩበት ከአሮጌው ወደብ አጠገብ ቆማ ስታዩአት የሙዚየም ዕቃ ትመስላችኋለች፤ አይደለችም።

እንደተሳፈራችሁ በሦስት ፈረቃ ትከፈላላችሁ። በእኛ አቆጣጠር አንዱ ፈረቃ ከ2 እስከ 6 ሰዓት፣ ሁለተኛው ከ6 እስከ 10፣ ሦስተኛው ከ10 እስከ 2 ይሠራል፤ ይህ ቀንም ሌሊትም ይደገማል። አራት ሰዓት ሥራ፣ ስምንት ሰዓት ዕረፍት ማለት ነው። ስምንት ሰዓት ሲባል ብዙ ይመስላል፤ ምግቡ፣ መታጠቡ፣ ልብስ ማድረቁና «ሁላችሁም ወደ ላይ!» የሚለው ጥሪ ሲቀነስለት እንቅልፉ ቁርጥራጭ ሆኖ ይቀራል። ለእኔ የደረሰኝ ከ6 እስከ 10 ሰዓት ያለው ነበር፤ መርከበኞች ሁሉ የሚያማርሩት ፈረቃ። የሌሊት ተራ ሙያዬ ስለሆነ አልከፋኝም። ምርጫ ቢሰጣችሁ ግን ከ10 እስከ 2 ያለውን ያዙ፤ ጎህ ሲቀድም ፀሐይ ስታዘቀዝቅም ላይ ናችሁ።

መጀመሪያ የሚያስተምሩት ገመድ ነው። በወለሉ ጠርዝ ዙሪያ ከመቶ የሚበልጡ ገመዶች በየራሳቸው የእንጨት ችካል ላይ በስምንት ቁጥር ተጠቅልለው ታስረዋል። ሁሉም አንድ ዓይነት ይመስላሉ፤ የእያንዳንዱ ሥራ ግን የተለየ ነው፤ አንዱ ሸራ ያወርዳል፣ አንዱ ጠርዙን ይስባል፣ አንዱ ሸራው የተሰቀለበትን አግዳሚ ያዞራል። ለመሸምደድ አትሞክሩ። ሥርዓቱን ብቻ ያዙ፦ በፊተኛውና በመካከለኛው ምሰሶ አጠገብ ገመዶቹ የሚደረደሩበት ቅደም ተከተል ተመሳሳይ ነውና አንዱን ምሰሶ ያወቀ ሌላውን በግማሽ ያውቃል። በጨለማ ገመድ የሚገኘው በዓይን ሳይሆን በመዳሰስና በመቁጠር ነው።

ከስሙ ይልቅ አያያዙ ይበልጣል። ገመድ በእጅ ላይ አይጠቀለልም፤ ድንገት ቢላቀቅ እጅን ይዞ ይሄዳል። ወለል ላይ በተጠቀለለ ገመድ መሐል አይቆምም። ገመድ ሲለቀቅ ችካሉ ላይ አንድ ዙር ይተውና ቀስ እያለ ይሰጣል እንጂ በአንዴ አይፈታም። ቀለበት ይወልቃል፤ የጋብቻ ቀለበትም ቢሆን። ጸጉር ይታሰራል፣ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ ይቀራል። ከእኔ ጋር የነበረች አንዲት ወጣት ቀለበቴ አይወልቅም ብላ ስትከራከር፣ የሸራው ኃላፊ ምንም ሳይናገር የራሱን እጅ ዘርግቶ አሳያት፤ የቀለበት ጣቱ ከግማሹ የለም። ሳሙና አምጥታ አወለቀችው።

ሸራ ሲሰቀል ሃያና ሠላሳ ሰው አንድ ገመድ ይዞ ይሰለፋል። አንዱ ይጮሃል፣ ሌላው በእሱ ድምፅ ልክ ይስባል። እዚህ ላይ የገጠር ልጅ የሆነ ሰው አይቸገርም፤ በደቦ አጨዳ ላይ እንዳለው ነው፣ ዜማው ከያዘ ክንድ አይሰማም፣ ዜማው ከተበተነ ግን ጎበዙ ብቻውን ይደክማል። ከመካከላችን በጣም ቶሎ የደከሙት ጡንቻቸውን በጂምናዚየም ያፈረጠሙት ወንዶች ነበሩ፤ ትእዛዙን ሳይጠብቁ ይስባሉ። አንዲት ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ጡረተኛ መምህርት ግን ክብደታቸውን ወደኋላ ጥለው፣ እግራቸውን አንፈራጥጠው፣ ድምፁን እየጠበቁ እስከ መጨረሻው ዘለቁ። ስለዚህ «አቅም የለኝም» ብላችሁ አትቅሩ። መስማት የሚችል ሰው ይበቃል። ትእዛዙ በኖርዌጂያንኛ ነው፤ ቋንቋውን ለማያውቅ በእንግሊዝኛ ያስረዱታል፤ ከጥቂት ፈረቃ በኋላም ጆሮ ራሱ ይለምደዋል።

አሁን ወደ ሆድ እንምጣ። ከበርገን ወጥታችሁ ደሴቶቹ እስኪያልቁ ድረስ ውሃው ጸጥ ያለ ነው፤ ሁሉም ፎቶ ይነሳል፣ ሁሉም ይበላል። ደሴቶቹ አልቀው ሰሜን ባሕር ሲጀምር ሳቁ ይቀንሳል። የባሕር ማቅለሽለሽ የድፍረት ጉዳይ አይደለም፤ ጆሮ ውስጥ ያለው ሚዛን የሚለውና ዓይን የሚያየው ሳይስማሙ ሲቀሩ የሚመጣ ነው። መድኃኒቱ የሚሠራው ቀድሞ ሲወሰድ ነው፤ ማስመለስ ከጀመረ በኋላ የተዋጠ ክኒን ብዙ ጊዜ ሥራውን ሳይጀምር ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ መርከቧ ገና ጸጥ ያለ ውሃ ላይ ሳለች፣ ደህና ሳላችሁ ውሰዱት። አብዛኛው ክኒን እንቅልፍ ያመጣል፤ ከጆሮ ኋላ የሚለጠፈው ደግሞ የዓይን ግፊት ላለበት ሰው አደገኛ ነው፤ ሌላ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሐኪም ሳታማክሩ አትግዙ። ክኒን ወስዳችሁ ከደነዘዛችሁም ምሰሶ አትውጡ።

ከክኒኑ ሌላ የሚረዳው ላይ መሆን ነው። ሰው ሲያመው ወርዶ መተኛት ይፈልጋል፤ ወለሉ ሥር ያለው አየር ግን የምግብ፣ የእርጥብ ልብስና የሰው ሽታ የተቀላቀለበት ነው። ላይ ቆዩ፣ የመርከቧ ወገብ አካባቢ ሁኑ፣ ሰማይና ባሕር የሚገናኙበትን መስመር ተመልከቱ፣ ከተቻለ መሪ እንድትይዙ ጠይቁ። መሪ የያዘ ሰው ብዙም አያመውም። ማስመለስ ከመጣ ነፋሱ ወደሚሄድበት ጎን ሂዱ፤ በተቃራኒው ጎን የሞከረ አንድ ሰው ከነጎረቤቱ ልብስ መቀየር ነበረበት። ሌሊት ከሆነ ደግሞ ብቻችሁን ወደ ጠርዝ አትሂዱ፤ ለአንድ ሰው ተናገሩ፣ የደህንነት ቀበቷችሁን እሰሩ። ባዶ ሆድ ያባብሳል። እኔ ኪሴ ውስጥ ቆሎ ነበረኝ፣ ለብቻ ደግሞ በሶ ይዤ ነበር፤ በቀጭኑ በጥብጬ ትንሽ ትንሽ ስጎነጭ ሆዴ የተቀበለው እሱን ብቻ ነበር። በፈረቃዬ ውስጥ ያሉት ኖርዌጂያውያን በመጀመሪያው ቀን በጥርጣሬ አዩኝ፤ በማግስቱ ኩባያቸውን ይዘው መጡ። ቡናን ግን በባዶ ሆድ ተዉት። እዚያ ቀኑን ሙሉ በፔርሙዝ ይቀርባል፤ ለእኛ ሰው ፈተናው ከባድ ነው።

ሌሊቱ ግን ከሆዱ ይበልጥ ይፈትናል። ከመኝታ የሚቀሰቅሳችሁ ሰው በእጅ ባትሪ ቀይ ብርሃን ይዞ በጆሮአችሁ ስማችሁን ይጠራል። ለመልበስ የሚያስፈልገውን ጊዜ አትናቁት፤ በሚወዛወዝ ወለል ላይ ሁለት ሱሪ መደራረብ ጊዜ ይፈጃል። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ብርድ አይፈራም፤ የባሕሩ ብርድ ግን ዘሩ ሌላ ነው። የደጋው ብርድ ደረቅ ነው፤ እሳት ዳር ስትቀርቡ ይለቃችኋል። ይህኛው እርጥብ ነው፣ በእጅጌ ይገባል፣ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ላይ ይበረታል። ከሥር የሱፍ ልብስ፣ መካከል ወፍራም ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ ያስፈልጋል። የጥጥ ልብስ አንዴ ከረጠበ በጉዞው ውስጥ አይደርቅም፤ ጂንስ ቤት ይቅር። ጋቢ ይዤ ነበር፤ ጥጥ በመሆኑ ላይ አይወጣም፣ ለመኝታ ግን እንደ እሱ ያለ አልነበረም።

በፈረቃው ውስጥ ሥራው በየጊዜው ይቀያየራል። አንድ ሰው በስተፊት ቃፊር ይሆናል፣ አንድ በስተኋላ ቆሞ ወደ ባሕር የሚወድቅ ሰው እንዳይኖር ይጠብቃል፣ አንድ መርከቧን ዞሮ እሳት አለመኖሩን ያያል፣ ሌሎች መሪ ይይዛሉ፤ የቀሩት ጥሪ እየጠበቁ ይቆያሉ። የሚከብደው ይህ መጠበቁ ነው። ሲጠብቁ አይቀመጡም፤ የተቀመጠ ይተኛል፣ የተኛ ይበርደዋል። የእኛ ፈረቃ ዘዴው መራመድና ወሬ ነበር። በእኩለ ሌሊት የማታውቁት ሰው የሕይወቱን ታሪክ ይነግራችኋል፤ ፊቱን በቀን ስታዩት ማን እንደሆነ አታውቁትም፣ በድምፁ ነው የምትለዩት።

ቃፊርነቱን ወድጄዋለሁ። በስተፊት ብቻችሁን ትቆማላችሁ፤ ሥራችሁ መብራት መፈለግና አቅጣጫውን ለተረኛው መኮንን ማሳወቅ ነው። መርከብ ሁሉ በግራ ጎኑ ቀይ፣ በቀኝ ጎኑ አረንጓዴ መብራት ያበራል። ቀዩ ብቻ ከታያችሁ የግራ ጎኑን እያሳያችሁ ነው፤ ቀዩም አረንጓዴውም አንድ ላይ ከታዩ ፊት ለፊት ወደ እናንተ እየመጣ ነውና ቶሎ መናገር ነው። በዚያ መስመር ከሩቅ የነዳጅ ማውጫ መድረኮች ብርሃን ይታያል፤ ለአዲስ ሰው ከተማ ይመስላል። ነሐሴ ስለነበር ሌሊቱ ለጥቂት ሰዓታት በደንብ ይጨልማል፤ በጨለመ ጊዜ ደግሞ መርከቧ የምትሰነጥቀው ውሃ አረንጓዴ ብርሃን ይረጭ ነበር። ሲነኩ የሚያበሩ ደቃቅ የባሕር ፍጥረታት ናቸው። እዚያ ቆሜ የሥራ ባልደረባዬን አሰብኩት። አብረን እንሂድ ስለው «እኔ ባሕር ጨርሻለሁ እህቴ» ነበር ያለኝ፤ በሊቢያ በኩል መብራት በሌላት የጎማ ጀልባ ሜዲትራኒያንን የተሻገረ ሰው ነው። ከእኛ መካከል እንዲህ ያሉ ብዙ ናቸው። ፍርሃት ይለቅቀዋል እያላችሁ እንዲህ ያለውን ሰው አትገፋፉ፤ እሱ የከፈለው ሌላ ክፍያ ነው።

መሪው ትልቅ የእንጨት መንኮራኩር ነው፤ ባሕሩ ሲበረታ ሁለትና ከዚያም በላይ ሰው ይይዘዋል። ከፊት ኮምፓስ አለ፤ በተሰጣችሁ ቁጥር ላይ መርከቧን ማቆየት ነው ሥራው። አዲስ ሰው የሚያስቸግረው መርከቧ መልስ ለመስጠት የምትወስደው ጊዜ ነው። መሪውን ታዞራላችሁ፣ ምንም አይሆንም፤ ትጨምራላችሁ፣ አሁንም ምንም። ከዚያ በአንዴ ትዞርና ቁጥሩን አልፋ ትሄዳለች። መፍትሔው ትንሽ አዙሮ መጠበቅ፣ ገና ወደ ቁጥሩ እየመጣች ሳለ መመለስ ነው። በጨለማ ኮምፓሱን ብቻ ማፍጠጥ ያዞራል፤ ከምሰሶው ጎን አንድ ኮከብ ይዛችሁ በእሱ ሂዱ፣ ኮምፓሱን አልፎ አልፎ ተመልከቱ። ኮከቡ ስለሚንቀሳቀስ ግን ቶሎ ቶሎ ቀይሩት።

አንድ ነገር ደግሞ ቀድማችሁ እወቁ። አግዳሚ ላይ የተሰቀሉ ሸራዎች ያሏት መርከብ ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ቀጥ ብላ መሄድ አትችልም። በሰሜን ባሕር ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ ስለሚነሳ ከበርገን በስተምዕራብ ወዳሉት የስኮትላንድ ደሴቶች፣ ወደ ሼትላንድ፣ ሲኬድ ፊት ለፊት ይመጣል፤ እኛም ስንሄድ መንገዱን ብዙ የሄድነው በሞተር ነው። ለዚህ የተናደዱ ነበሩ። የሸራው ጉዞ የሚገኘው ስትመለሱ ነው። ነፋሱ ከኋላ በጎን በኩል ሲሆን ሞተሩ ይጠፋል፣ መርከቧ ወደ አንድ ጎን ጋደል ብላ ትቆያለች፣ መወዛወዙም ይቀንሳል፤ ሸራ በሞተር ላይ ያለው ብልጫ ያኔ በሆድ ይታወቃል።

እንግዲህ ምሰሶው። የወጣሁት በመልሱ ጉዞ ላይ በቀን ነው። መጀመሪያ ኪስ ይራገፋል፤ ስልክና መነጽር በክር ይታሰራሉ፣ ከላይ የሚወድቅ ትንሽ ቁልፍ ከታች ያለን ሰው ክፉኛ ሊጎዳ ይችላል። የደህንነት ቀበቶውን ሌላ ሰው ያረጋግጥላችኋል። የሚወጣው ነፋሱ ከሚመጣበት ጎን ነው፤ እንዲያ ሲሆን ነፋሱ ወደ ገመዱ ይጫናችኋል እንጂ ከገመዱ አያላቅቃችሁም። በእጅ የሚያዙት ቋሚዎቹ ገመዶች ናቸው፤ አግድሞቹ ለእግር ብቻ ናቸው፣ ከጊዜ ብዛት ሊበጠሱም ይችላሉና አይታመኑም። የመጀመሪያው መድረክ ጋ ስትደርሱ መሰላሉ ወደ ውጭ ይዞራል፤ ለጥቂት እርምጃ ጀርባችሁ ወደ ባሕሩ ዘንበል ይላል። ሁሉም ሰው የሚቆመው እዚያ ጋ ነው። እኔም ቆምኩ፤ ከበላዬ ያለው መርከበኛ አላጣደፈኝም፣ «ቀኝ እጅሽ፣ አሁን ግራ እግርሽ» እያለ አሳለፈኝ።

ከመድረኩ ወደ አግዳሚው ሲገባ ከሥር የተዘረጋ የእግር ገመድ ላይ ነው የሚቆመው። ሳትናገሩ አትርገጡት፤ እናንተ ስትረግጡ ቀድሞ የቆመው ሰው እግር ሥር ያለው ገመድ ይነሳል፣ ካልተዘጋጀ ይደነግጣል። ቀበቶው አግዳሚው ላይ ባለው ብረት ይታሰራል፣ ሆድ አግዳሚው ላይ ይደገፋል፣ ከዚያ ሸራውን በእጅ እያፈሱ መጠቅለል ነው። ነፋስ የያዘ ሸራ ጠንካራ ነው፣ ጥፍር ይገለብጣል፤ ጥፍራችሁን ከቤት ቆርጣችሁ ሂዱ። አንድ እጅ ለራስ፣ አንድ እጅ ለመርከቧ የሚለው የመርከበኞች ደንብ የሚገባው ያኔ ነው። ዓሣ ነባሪ አየሁ ያለ ነበር፤ እኔ ያየሁት ሸራና ጣቶቼን ነው። ይህ ሁሉ ሲሆን ውስጤ ከሌሊቱ ፈረቃ ያነሰ ነበር የተፈተነው፤ ሥራ ያለው እጅ ለመፍራት ጊዜ የለውም።

መኝታው ከጣሪያ ላይ የሚንጠለጠል የሸራ አልጋ ነው፤ ቀን ምግብ በሚበላበት ሰፊ ክፍል ውስጥ እርስ በርሳችሁ ተጠጋግታችሁ ትተኛላችሁ። መርከቧ ስትወዛወዝ አልጋው ቀጥ ብሎ ስለሚቆይ ካሰባችሁት በላይ ይመቻል። ሁለቱ ጫፎች ከፍ ተደርገው ይታሰሩ፣ በሰያፍ ተኙ። ለእህቶቼ ልንገራችሁ፦ በእንዲህ ያሉ መርከቦች መኝታ ብዙ ጊዜ በፈረቃ እንጂ በጾታ አይለይም። ሰው ሁሉ ደክሞ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ነው የሚወድቀው፤ እኔን ያስቸገረኝ ነገር አልነበረም። የማይመቻችሁ ከሆነ ግን ሳትመዘገቡ ጠይቁ፤ የግል ክፍል ያላቸው መርከቦች አሉ።

ጉዞዬ በፍልሰታ ላይ ዋለ። ስመዘገብ የእንስሳት ተዋጽኦ እንደማልበላ ጽፌ ስለነበር ባቄላ፣ ምስርና አትክልት ለብቻ ይቀርብልኝ ነበር። ከተሳፈሩ በኋላ መናገር ኩሽናውን ማስጨነቅ ነው፤ ባሕር መካከል ገበያ የለም። ሰዓት አቆይቶ መጾም ከማቅለሽለሽና ከከባድ ሥራ ጋር ሲገናኝ ሰውነት ይጥላል፤ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ። ከእኛ ጋር የነበረ አንድ ሶማሌ ወጣት ደግሞ ሶላት በደረሰ ቁጥር የመርከቧን አቅጣጫ ከመሪው ያዥ ይጠይቅ ነበር፤ ከዚያ አካባቢ ቂብላ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ነው፣ መርከቧ ግን ስለምትዞር ትናንት የቆመበት ጎን ዛሬ አይሠራም።

ሌርዊክ፣ የሼትላንድ ከተማ፣ ግራጫ ድንጋይ ናት። የነበረን ጊዜ አጭር ስለነበር ብዙ አልዞርኩም። ሼትላንድ ቀድሞ በኖርዌይ ነገሥታት ሥር ነበረች፤ በ1469 እ.ኤ.አ. የዴንማርክና የኖርዌይ ንጉሥ ለልጃቸው ጥሎሽ የሚሰጡት ገንዘብ ስላነሳቸው ለስኮትላንድ በመያዣ ሰጧት፤ መያዣው እስከ ዛሬ አልተፈታም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ የኖርዌይ ዓሣ አጥማጆች ይህንኑ ባሕር በክረምት ሌሊት በትንንሽ ጀልባ እየተሻገሩ ሰላዮችንና መሣሪያ ወደ ኖርዌይ አስገብተዋል፣ ስደተኞችን ደግሞ አውጥተዋል። እኛ በበጋ፣ በትልቅ መርከብ፣ ትኩስ ሾርባ እየጠጣን ነው የሄድነው።

ከሁሉ በላይ የማሳስባችሁ ወረቀቱን ነው። ሼትላንድ የብሪታንያ ግዛት ናት፤ የኖርዌይ ወይም የሌላ አውሮፓ አገር የመኖሪያ ፈቃድ ብቻውን እዚያ አያስወርድም። የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው የብሪታንያ ቪዛ ያስፈልገዋል፤ በስደተኛ የጉዞ ሰነድ የምትጓዙም ቀድማችሁ ጠይቁ። የአውሮፓ ፓስፖርት ያላቸውም፣ ከብሪታንያና ከአየርላንድ ዜጎች በቀር፣ ከሚያዝያ 2025 እ.ኤ.አ. ወዲህ በኢንተርኔት የሚወሰድ የጉዞ ፈቃድ ሳይዙ አይገቡም። ቪዛው የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ከኖርዌይ ጠረፍ ሳይወጡ የሚደረጉ ጉዞዎችን ምረጡ፤ ባሕሩም ይለዝባል።

የልብ ሕመም፣ የሚጥል በሽታ ወይም በቅርቡ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ያለበት ሰው በጤና መግለጫው ላይ ሳይደብቅ ይጻፍ፤ ሄሊኮፕተር የሚደርሰው አየሩ ሲፈቅድ ብቻ ነው። እርጉዝ ሴት ትቆይ። መዋኘት አለመቻል ግን ብቻውን አያስቀር፤ በበጋም ቢሆን የዚያ ባሕር ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ15 ዲግሪ በታች ስለሆነ ሰውን የሚያድነው ዋና ሳይሆን ቀበቶው ነው።

ኖርዌይ የማይቀርባችሁም ብትሆኑ አማራጭ አለ። ኦስሎ ላይ ክርስቲያን ራዲክ፣ ክርስቲያንሳንድ ላይ ሶርላንዴት፣ ብሬመርሃፈን ላይ አረንጓዴ ሸራ ያላት አሌክሳንደር ፎን ሁምቦልት ሁለተኛዋ፣ ኔዘርላንድስ ውስጥ ስታድ አምስተርዳም አሉ። ስዊድን ያላችሁ ደግሞ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መርከብ አምሳል የተሠራችውን ዮተቦርይ ተመልከቱ፤ ቀዳማዊቷ በ1745 እ.ኤ.አ. ከቻይና ተመልሳ ከተማዋ ደጃፍ ላይ ነው የሰጠመችው። ለወጣት ልጆች በየበጋው የትልልቅ ሸራ መርከቦች ውድድር ይደረጋል፤ በውድድሩ ደንብ ከእያንዳንዱ መርከብ ባሕርተኞች ቢያንስ ግማሾቹ ከ15 እስከ 25 ዓመት ያሉ መሆን አለባቸው። ለእነዚህ ወጣቶች አንዳንድ መርከቦችና የወደብ ከተሞች ክፍያውን በከፊል ይሸፍናሉ፤ ከኪሳችሁ ሳታወጡ በፊት ስለ ድጎማው ጠይቁ።